በስሜ አዳራሽ የገባው ሰው

ሰኞ 3

መመሪያው ዛሬ ደረሰን። አሥራ አራት ገጽ፣ ሠላሳ አንድ አንቀጽ፤ «የምክር ቤቱ ሠራተኞች በወረርሽኙ ወቅት የሚመሩበት የሥራ ቦታ ደህንነት መመሪያ»። የቃለ ጉባኤ ክፍል ኃላፊ ስለሆንኩ ለክፍሌ ሰዎች ጮክ ብዬ እንዳነብ ታዘዝኩ። አባላቱ አዳራሽ ውስጥ የሚናገሩትን ቃል በቃል የምንጽፍ አራት ሰዎች ነን፤ አንዷ ወሊድ ላይ ናት።

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ንግግር ስጽፍ ኖሬአለሁና ቃል አያመልጠኝም። ሠራተኞች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲያደርጉ «ይገደዳሉ»። የተከበሩ አባላት «ይበረታታሉ»። በንግግር ላይ ያለ አባል ደግሞ ድምፁ እንዳይታፈን ማውለቅ ይችላል።

«እነሱ ይናገሩ፣ እኛ እንታፈን» አለ ጋሼ ነጥብ።

ሳቅን። ጋሼ ነጥብ የክፍላችን ትልቅ ነው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ። ተናጋሪው የቱንም ያህል ቢንዛዛ አራት ነጥብ የሚያስገባበት ቦታ አያጣም፤ ስሙ ከዚያ መጣ። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። አለቃው ከሆንኩ ወዲህ «አለቃዬ» እያለ ያሾፍብኛል።

አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ግን ሳቁ ቆመ። ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ሠራተኛ አዳራሽ አይገባም፤ ምድር ቤት ተቀምጦ በድምፅ ማጉያ እየሰማ ይጽፋል።

«ምድር ቤት?» አለ። «ገና ሳልሞት?»

ማክሰኞ 4

ሴንቲሜትር መጣ። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ አሁን የደህንነት ተቆጣጣሪ ተብሎ ሜትር ይዞ ይዞራል። ከመድረኩ እስከ ጠረጴዛችን ለካ። አንድ ሜትር ከአርባ። መመሪያው ሁለት ሜትር ይላል።

«ጠረጴዛው ይነሳ?» አልኩት።

«ወለሉ ላይ የታሰረ ነው፣ አይነሳም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ስትጽፉ ወደ ኋላ ዘንበል በሉ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ቅጹ ላይ «ተስተካክሏል» ብሎ ጻፈ።

ሳል እንዳያልፍ የሚከልል መስታወትም ተተከለ። በተናጋሪውና በፊተኛው ረድፍ መካከል ነው የቆመው። የእኛ ጠረጴዛ ከመስታወቱ ወዲህ፣ ከተናጋሪው ጋር ቀረ። ለዋና ጸሐፊው ሄጄ ነገርኩት። «በሁለተኛው ዙር ግዢ ይታያል፣ እህቴ» አለኝ። ወረቀቱን ሳያይ ነው የመለሰልኝ።

ሐሙስ 6

የተረኞች ሰንጠረዥ ሠራሁ። በሚመጣው ሳምንት አራት የስብሰባ ቀን አለ። በየቀኑ ሁለት ሰው አዳራሽ ይገባል። ሁለት ሰው ደግሞ ብቻ ነው ያለው፤ እኔና ችኩሏ። ችኩሏ ታናሻችን ናት፤ እጇ ከሐሳቧ ይቀድማል፣ ፊደል ትውጣለች፣ ግን ልቧ ንጹሕ ነው።

አራት ቀን። አንድ ሜትር ከአርባ።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም።

እሑድ 9

ባለቤቴ ሌሊቱን ሲያስለው አደረ። አናጢ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የእንጨት ብናኝ ሲምግ ኖሯል። ባለፈው ዓመት ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ ሐኪሙ ያለኝን አልረሳም። «ይህ ሳንባ ሌላ ነገር አይችልም፤ ጉንፋን እንኳ እንዳታስገቢበት።»

ከምሳ በኋላ ለጋሼ ነጥብ ደወልኩ። ስለ ሥራ ተነጋገርን፣ ስለ ቤትም። አራቱን ቀን እሱ አዳራሽ እንዲገባ፣ እኔ ምድር ቤት እንድቀመጥ ተስማማን። ዕድሜው ስለማይፈቅድ ሰንጠረዡ ላይ ስሜ እንዳለ ይቀመጣል፣ ፊርማውንም እኔ እፈርማለሁ። ለእሱም ቢሆን ደስታው ነው። አዳራሹ ናፍቆታል፤ የምድር ቤቱ ድምፅ ማጉያ እየተንኳኳ ግማሹ አይሰማም፤ እንደ ዕቃ ታች መጣሉ ከፍቶታል። ጤናው ደግሞ ከእኔ ይሻላል። ደረጃ በሩጫ የሚወጣ ሰው ነው።

ባለቤቴ «ከማን ጋር ነበርሽ ይህን ያህል ሰዓት?» አለኝ። «ከቢሮ» አልኩት።

ሰኞ 10

ከረባት አስሮ መጣ! አዲስ ማስክም ገዝቷል።

«አለቃዬ፣ ሽበቴን በምን ልሸፍነው?» አለኝ በር ላይ።

ማንም አላወቀም። ጸሐፊ ፊት የለውም፤ አባላቱ የሚያዩት ብዕራችንን ነው። እኔ ምድር ቤት። ድምፅ ማጉያውን እየሰማሁ ጻፍኩ።

ረቡዕ 12

ሦስተኛ ቀን። ሰላም ነው። ደስ ብሎታል፣ ችኩሏም ከእሱ ብዙ እየተማረች ነው። አሁን ሳስበው ለክፍሉም ጥሩ ውሳኔ ነበር።

ሐሙስ 13

ዛሬ «የተረት አባት» የምንለው አባል መድረክ ላይ ወጣ። ያለ ተረትና ምሳሌ አፉን አይከፍትም። ማስኩን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገረ። ምድር ቤት ሆኜ ሳሉን በድምፅ ማጉያው ሰማሁ። መጀመሪያ አንድ ሁለቴ። ከዚያ በየዐረፍተ ነገሩ መሃል። ውኃ ጠጣ፣ ቀጠለ፣ እንደገና ሳለ።

ሳል አይጻፍም። ቃለ ጉባኤ ውስጥ ሳቅ ይጻፋል፣ ጭብጨባ ይጻፋል፣ ሳል አይጻፍም። እኔ ግን ወረቀቱ ጥግ ላይ ጭረት እያደረግሁ ቆጠርኩት። ሠላሳ ሰባት ሲደርስ ተውኩት።

ጋሼ ነጥብ ሲወርድ መነጽሩን በመሐረብ ይጠርጋል።

«ዛሬስ ዝናብ ዘነበብኝ» አለ።

ችኩሏ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ሰኞ 17

የተረት አባት ተይዟል። ቅዳሜ ሆስፒታል ገባ።

ሴንቲሜትር ሰንጠረዡን ይዞ መጣ። መመርመሪያው ጥቂት ስለሆነ ሐሙስ ከመድረኩ ሁለት ሜትር ውስጥ የነበረ ብቻ ይመረመራል። ከሰንጠረዡ ስም ጠራ፤ የእኔን፣ የችኩሏን፣ የሁለት ጥበቃዎችን። ጋሼ ነጥብ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ስሜ ሲጠራ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ሴንቲሜትር «ቶሎ በሉ፣ መኪናው ቆሟል» አለ።

አፍንጫዬን ወጉኝ። የእሱን ዱላ ቀመስኩለት ብዬ ለመቀለድ አሰብኩ። ከማን ጋር እንደምቀልድ ጠፋኝ።

ማክሰኞ 18

ነፃ ነኝ። ችኩሏም ነፃ። ቢሆንም የተጋለጠ ሰው አሥር ቀን ቤቱ ተለይቶ ይቀመጣል፣ አንቀጽ አሥራ ስድስት። ችኩሏ ነፃ ከሆነች እሱም ነፃ ነው፤ እዚያው ጎን ለጎን ነበሩ። ምናልባትም እሷ ትንሽ ራቅ ብላ ነበር። እንጃ።

አሁን ክፍሉ ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ምድር ቤት ብቻውን ሆኖ የአራት ሰው ሥራ ይሠራል።

ዐርብ 21

ችኩሏ ደወለች።

«እትዬ፣ ጋሼን አነጋገርሽው? ድምፁ ተቀይሯል። ትናንት ከምድር ቤት ሲወጣ ደረጃው መሃል ተቀመጠ አሉ።»

«ጉንፋን ይሆናል።»

«እትዬ፣ ለሴንቲሜትር ልንገረው? አዳራሽ እንደነበረ?»

«ቆይ» አልኳት። «እኔ እናገራለሁ። የእኔ ኃላፊነት ነው።»

«እሺ» አለች። ዘጋች።

ቅዳሜ 22

ደወልኩለት። ሦስተኛው ጥሪ ላይ አነሳ።

«አለቃዬ፣ እስረኛዋ! እንዴት ነሽ?»

«አንተ እንዴት ነህ ጋሼ?»

«ብርድ ነው። ምድር ቤቱ ያቀዘቅዛል።» ሁለት ቃል ይላል፣ ያርፋል። «ባልሽስ? ሳንባው?»

«ደህና ነው።»

«ተመስገን። እንግዲያው ከንቱ አልሆነም።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ሰኞ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ መከርኩት። ደግነቱ ልጁ አብራው ናት። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ በስልክ ታስተምራለች።

ሰኞ 24

ልጁ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ችኩሏ ናት የነገረችኝ። ምርመራ የሚደረገው ስሙ በተጋላጭ ዝርዝር ለሰፈረ ነው ብለው የራስ ምታት መድኃኒት ሰጥተው መለሱት። ምክር ቤቱ ከአንድ ሆስፒታል ጋር ተዋውሎ ስምንት አልጋ ይዟል፤ ኦክስጅን ያላቸው። አንቀጽ ሃያ ሁለት። «በሥራ ላይ ለተጋለጡ»። ሦስቱ ባዶ ናቸው።

እሱ በወረቀት አልተጋለጠም። የተጋለጥኩት እኔ ነኝ። ከሦስቱ አንዱ የእኔ አልጋ ነው ማለት ነው።

ነገ ጠዋት እደውላለሁ።

ማክሰኞ 25

አልደወልኩም። ስልኩን ይዤ መናገር ያለብኝን ወረቀት ላይ ጻፍኩት። «የተከበሩ ዋና ጸሐፊ፣ በሰንጠረዡ ላይ መጠነኛ የአጻጻፍ ስህተት...»። ቀደድኩት። ሰንጠረዥ ማጭበርበር ከሥራ ያስባርራል። እኔ ከተባረርኩ የባለቤቴን መድኃኒት ማን ያመጣል? ደግሞ ጉንፋን ሊሆን ይችላል። ደግሞ ቢድን በከንቱ ነው ራሴን የማጠፋው። እሱ ራሱ ቢያስፈልገው ይናገር ነበር። አፍ የለውም እንዴ? ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ሕፃን አይደለም።

ይህን አሁን መልሼ ሳነበው የሌላ ሰው ጽሑፍ ይመስላል። አልሰርዘውም።

ረቡዕ 26

ዋና ጸሐፊው ቢሮ ደወልኩ። ጸሐፊዋ አነሳች። «ማን ልበል?»

ዘጋሁት።

ሐሙስ 27

ባለቤቴ ዛሬ ጉድ አደረገኝ። ሻይ ቀድቼ ከእሱ ብርጭቆ ተጎነጨሁ። ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ተቀመጪ» አለ።

ተቀመጥኩ።

«አሥር ቀን ተለይተሽ ተቀመጪ ተብለሻል። ተጋልጠሻል ተብለሻል። ሳንባዬን ታውቂዋለሽ፤ የጎረቤት ልጅ ሲያስነጥስ መስኮት የምትዘጊ ሴት ነሽ። አሁን ግን ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ትተኛለሽ፣ በአንድ ብርጭቆ ትጠጫለሽ። ወይ ልትገድዪኝ ነው፣ ወይ አዳራሽ አልገባሽም።»

ብርጭቆውን አየሁ።

«ማን ገባልሽ?»

ነገርኩት። ሁሉንም ማለት ይቻላል። መዳፉን ገልብጦ አየ። የአናጢ እጅ ነው፣ ሁለት ጣቱ ጥፍር የለውም።

«ለአንተ ብዬ ነው» አልኩት።

«የእኔን ሳንባ መሸፈኛ አታድርጊው» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እኔ ሂጂና ሰው አስገቢልኝ አላልኩሽም። ጫማሽን አድርጊ።»

«ዛሬ ቢሮው ይዘጋል።»

«እንግዲያው ነገ ሲከፈት በሩ ላይ ቁሚ።»

ዐርብ 28

ቆምኩ። ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ።

ዋና ጸሐፊው መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ፣ ከሰፊው ጠረጴዛ ማዶ ሆኖ አዳመጠኝ። በመሃላችን ሦስት ሜትር ይሆናል። እዚህ ክፍል ውስጥ መመሪያው በደንብ ተከብሯል።

«አራቱንም ቀን?» አለ።

«አራቱንም ቀን።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ እሱና ታናሿ ጸሐፊ።»

«በፈቃዱ ነው የገባው?»

«አዎ፣ በፈቃዱ። ተስማምተን ነው።»

ተነሥቶ መስኮቱ ላይ ቆመ። «ምን እንዳደረግሽ ይገባሻል? ሰኞ ለምክር ቤቱ ሪፖርት አቀርባለሁ። አንድም ሠራተኛ በሥራ ላይ አልተያዘም ይላል። ሌሎች መሥሪያ ቤቶች መመሪያችንን ሊወስዱት ጠይቀውናል።»

«ሰውየው መተንፈስ አቅቶታል» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «አልጋ አለ። ሦስት ባዶ አልጋ አለ። እግርዎ ላይ ልውደቅ?»

«አትጩኺ። አልጋውን እሰጠዋለሁ። በልዩ ትብብር። ወረቀቱ ግን እንዳለ ይቀመጣል። ሰንጠረዡም፣ ያንቺም ሥራ። ለሁላችንም የሚበጀው እሱ ነው። ተግባባን?»

«ተግባባን» አልኩ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አምቡላንስ ሄደ። ችኩሏ ደወለችልኝ፣ እያለቀሰች ትስቃለች። ኦክስጅን ተሰክቶለታል። ለባለቤቴ ነገርኩት። «ወረቀቱስ?» አለኝ። «እሱን በኋላ» አልኩት።

ዛሬ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ቅዳሜ 29

ሆስፒታል ደወልኩ። ነርሷ «እንዳለ ነው» አለች። እንዳለ ማለት ደህና ማለት ነው? ደግሜ ደወልኩ። አላነሱም።

ለልጁ መደወል አለብኝ። ምን ብዬ?

እሑድ 30

ችኩሏ ደወለች። «እትዬ» አለች። ከዚያ ምንም አላለችም።  ሁለታችንም ስልኩን ይዘን ቆየን።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አረፈ።

ሐኪሙ ለልጁ «ከሳምንት በፊት ቢመጣ ኖሮ» ብሏታል አሉ። ሐኪሞች ይህን ለምን ይናገራሉ። ማን ጠየቃቸው።

ሰኞ 1

ቀብር ላይ ዐሥር ሰው ብቻ ነው የተፈቀደው። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ልጁን ከሩቅ አየኋት። ቀጭን ናት፣ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ማንም አልደገፋትም፤ መደጋገፍ ተከልክሏል።

በዚያው ሰዓት ዋና ጸሐፊው ሪፖርቱን እያቀረበ ነበር። ማታ በሬዲዮ ሰማሁት። «በተወሰደው ብርቱ የጥንቃቄ እርምጃ ከሠራተኞቻችን አንድም በሥራ ገበታው ላይ የተያዘ የለም።» ጭብጨባ ነበረ።

ችኩሏ ደወለች። ዛሬ ወደ ሥራ ተመልሳለች።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እትዬ። ‹አንድም› ሲል እኔ ነኝ በእጄ የጻፍኩት። ጭብጨባውንም ጻፍኩ።»

«ሥራሽ ነው» አልኳት።

«በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ‹ከሥራ ውጭ በደረሰበት ሕመም› ይላል። ጋሼ ከሥራ ውጭ ምን ነበረው? ንገሪኝ እስቲ፣ ምን ነበረው?»

ማክሰኞ 2

ቢሮ ገባሁ። ወንበሩ ባዶ ነው። ሴንቲሜትር «ነፍስ ይማር፣ የት ይሆን የያዘው?» አለኝ። «እንጃ» አልኩት።

እንጃ አልኩት።

ረቡዕ 3

ሥራ አልሄድኩም። ባለቤቴ አልጠየቀኝም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጥግ ያለው መደብ ላይ ነው የሚተኛው። ለጤናው ነው ይላል።

ሐሙስ 4

ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ጠባብ ኮሪደር፣ በሩ ላይ የልጆች ሥዕል ተለጥፏል። ከውስጥ ድምፅዋ ይሰማል፤ በስልክ ማባዛት ታስተምራለች። «ሰባት ጊዜ ስምንት? አትቸኩል፣ በጣትህ ቁጠር።» እስክትጨርስ በር ላይ ቆምኩ። ከዚያ አንኳኳሁ።

ከፈተች። አወቀችኝ። ግቢ አላለችም።

«ነፍሱን ይማር» አልኩ። «ይቅርታ... ቀደም ብዬ መምጣት ነበረብኝ።»

«አዎ» አለች።

መናገር ጀመርኩ። ስለ ሰንጠረዡ፣ ስለ አራቱ ቀን። እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

«አውቃለሁ። አባዬ ከመጀመሪያው ነግሮኛል። ያ ዝርዝር የወጣ ሰኞ ማታ ቤት ገብቶ ‹እኔ በዝርዝሩ የለሁም› አለኝ። ወዲያው ልደውልልዎ ስልክ አነሣሁ። ከለከለኝ።»

«ለምን?»

«‹ተያት፣ ራሷ ትናገራለች› አለኝ። ‹ፈርታ ነው፤ ነገ ትናገራለች፤ አውቃታለሁ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኋት።› ማክሰኞ ጠየቅሁት፣ ረቡዕ ጠየቅሁት። ጤና ጣቢያው ሲመልሰን ታክሲ ውስጥ ጠየቅሁት። ‹ዛሬ ሳትናገር አትቀርም› ይለኛል። መናገር ሲያቅተው እንኳ ስልኩ ሲጮኽ ዐይኑን ከፍቶ ያየኝ ነበር። እርስዎ መስለውት።» ማስኳን አስተካከለች። «አሥራ አንድ ቀን፣ እትዬ። ቆጥሬዋለሁ።»

 ኮሪደሩ ውስጥ የሆነ ሰው በር ከፍቶ ዘጋ።

«ምን ላድርግ?» አልኳት። «የምትዪኝን አደርጋለሁ።»

ገባችና የተማሪ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ወጣች።

«ይጻፉት። ሥራዎ አይደል? ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ምን እንዳለ። ቢሮ ውስጥ ለሌላ ሰው እንደሚጽፉት።»

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሆነ። እሷ በሩን ተደግፋ ጠበቀችኝ። ስጨርስ ወስዳ ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ የልጆች የቤት ሥራ እንደምታርም። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ።

«እዚህ ጋ ‹ተስማማን› ብለዋል።»

«አዎ። እሑድ ዕለት በስልክ...»

«እሑድ ዕለት አባዬ ምሳ እየበላ ነበር። እጁ ስላልተመቸው ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እኔ ፊት ለፊቱ ነበርኩ።» ድምፅዋ አልተቀየረም። «ሁለት ጊዜ እምቢ አለዎት። ‹መመሪያው አይፈቅድልኝም፣ እኔም እፈራለሁ› አለዎት። ከዚያ አለቀሱ። ‹ባሌ ከሞተ በአንተ ነው› አሉት።»

ይህን በዚህ ደብተር ውስጥ አልጻፍኩትም። መልሼ ወደ እሑድ 9 ገልጬ አየሁ። የለም።

«‹ጠየቅሁት› ይበሉ» አለችኝ። «‹እምቢ ሲለኝ አለቀስኩበት› ይበሉ።»

ሰረዝኩ። ጻፍኩ። ፈረምኩ።

«ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ምክር ቤቱ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ» አለችኝ። «ለዋና ጸሐፊው ራስዎ ያነቡለታል።»

ዐርብ 5

መጀመሪያ መዝገብ ቤት ወሰደችኝ። ወረቀቱን ሦስት ቅጂ አስደርጋ ማኅተም አስመታችበት፣ ገቢ ቁጥር ተሰጠው። «ቁጥር የሌለው ወረቀት ይጠፋል» አለች። ይህን ያስተማራት ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ዋና ጸሐፊው ሁለታችንን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ተቀመጪ» አለኝ።

ቆሜ አነበብኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ቃል ነው የጻፍኩት፤ የራሴን ጮክ ብዬ ማንበብ አልለመድኩም። «ጠየቅሁት» የሚለው ላይ ቆምኩ። ልጁ ዞራ አላየችኝም። እስክቀጥል ጠበቀች። «እምቢ ሲለኝ አለቀስኩበት» አልኩ። ጠረጴዛችን ከመድረኩ አንድ ሜትር ከአርባ እንደሆነ፣ ቅጹ ላይ «ተስተካክሏል» እንደተባለ፣ መስታወቱ የት እንደቆመ ሁሉ አነበብኩ። ባለፈው ዐርብ በዚሁ ክፍል «ተግባባን» እንደተባባልንም አነበብኩ።

«ይህ ሰነድ እዚህ ይቅር» አለ ሲያበቃ።

«የእርስዎ ቅጂ ነው» አለች ልጁ። «ገቢ ሆኗል። አንዱ እኔ ጋ ነው፣ አንዱ ለሠራተኛ ማኅበሩ ሄዷል። አባቴ በሥራ ላይ እንደነበረ በጽሑፍ እስኪታወቅ በየቀኑ እመጣለሁ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ በስልክ ማስተማር ከዚህም ይቻላል።»

ዋና ጸሐፊው ማኅተሙን አየ። ከዚያ ስልክ አንሥቶ ሰንጠረዡን አስመጣ። ይዛው የመጣችው ችኩሏ ናት። ቆማ ሐሙስ 13ን ስትሰርዝ፣ የእኔን ስም አውጥታ የእሱን ስትጽፍ አየሁ። ከዚያ የቀሩትን ሦስቱን። እሱ በቀይ ፈረመበት። ለእኔ የሥራ መታወቂያዬን እንዳስረክብ፣ ጉዳዬ እስኪጣራ ግቢው እንዳልገባ ተነገረኝ። መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ለባለቤቴ ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ። መድኃኒቱ የአሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ከልጁ ጋር አብረን ወጣን፤ በመካከላችን ሁለት ሜትር። ቅጂዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አላመሰገነችኝም፣ አልተሳደበችም። ውጭ በሩ ላይ ስንደርስ ቆመችና ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኔን አየችው።

«ባልዎ እንዴት ናቸው?» አለችኝ።

«ደህና ነው» አልኩ።

ራሷን ነቅንቃ ወደ ታክሲው ሄደች።